የስድስት ደቂቃ አሮጌ

የካቲት 16 ቀን 2014 ዓ.ም.። የፓምፑ ኮንትሮለር ከሰኞ ጀምሮ ሞያሌ ጉምሩክ ግቢ ውስጥ ነው።

ወንድሜ ኤርሚያስ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ረሆቦት ሥራዋን፣ ኮከብ ትምህርቷን እንዴት ይዘውታል? የናይሮቢ ኑሮስ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤና ነን። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ድምፅህን ከሰማች ወር ስላለፋት እኔን ትቆጣኛለች፤ ያጠፋሁት እኔ ይመስል። ዝናብ ግን የለም፤ የሚመጣም አይመስልም።

ስልክ መደወል እችል ነበር። አንተ ግን ስልክ ላይ ትጮሃለህ፣ ከዚያ ትዘጋለህ። ወረቀት አይጮኽበትም፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው አንብበው። የምጽፈው የጉምሩኩ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ወደ ናይሮቢ የሚሻገር ሾፌር ያደርስልሃል።

የዱብሉቁ የውኃ ፓምፓችን ኮንትሮለር፣ ያ ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠርለት ሳጥን፣ በታኅሣሥ ሲቃጠል ነገሌ ድረስ ሄጄ ያልጠየቅሁት ሱቅ አልነበረም፤ የለም አሉኝ። አንተ በኢንተርኔት አዘህ በሦስት ሳምንት ናይሮቢ አስገባኸው፤ ከዚያም ወደ እኛ ላክኸው። ለዚህ የዱብሉቅ ሰው ሁሉ መርቆሃል። ምርቃቱ የሠራው ግን እስከ ሰኞ ነው። ሰኞ ፈታሿ ጥቅሉን ስትከፍተው፣ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ውስጥ በተቃጠለ ዘይት የተለቀለቀ፣ ጎኑ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ዕቃ ወጣ። ካርቶን የለው፣ ደረሰኝ የለው።

ምን እንዳሰብክ አውቃለሁ። አባባ ሬዲዮናቸውን ከኬንያ ሲያስገቡ አመድ ቀብተው፣ አንቴናውን አጣመው፣ “አሮጌ የቤት ዕቃ ነው” ብለው ያለ ቀረጥ አልፈዋል። እኛ ቤት ይህ እንደ ትልቅ ጥበብ ሲወራ ኖረ። የያኔው ፈታሽ ስለ ሬዲዮ የሚያውቀው መዝፈኑን ብቻ ነበር። የዛሬዋ ፈታሽ ሰንበቴ ትባላለች፤ ኤሌክትሪክ የተማረች ናት። “ጋሼ ሥዩም፣ አዲስ ቢሆን ቀረጡን ከፍለው ዛሬውኑ ይወስዱት ነበር። ላገለገለ ግን ፈቃዱ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ አንድ ወር ይፈጃል” አለችኝ።

ወር የለንም። በሦስት ቀን አንዴ ይጠጣ የነበረው ከብት አሁን ተራ የሚደርሰው በአምስተኛው ቀን ነው። በጥንቶቹ ጉድጓዶች ሰው ከሰው በላይ እየቆመ በባልዲ ይቀባበላል፤ ከሚወጣው ግማሹ ጭቃ ነው። የአባ ቦናያ ባለቤት ዲንኪቱ ሁለት ጥጃ ሞቶባታል።

አባ ቦናያን መቼም አትረሳቸውም። አሁን የፓምፑ አባ ሄሬጋ እሳቸው ናቸው፤ የውኃውን ተራ የሚያደላድሉት። አብረውኝ መጥተዋል። እኔ የማሽኑ ሰው ነኝ፣ እሳቸው የተራው። ሰኞ ጠዋት የጉምሩኩን ሰልፍ ከዳር እስከ ዳር አይተው፣ “ይሄ ተራ የተበላሸ ነው፤ ቴሌቪዥን የያዘው ከፊት፣ ውኃ የያዘው ከኋላ” አሉ። ከፊታችን ያሉት ሳቁ እንጂ አላሳለፉንም።

ሰንበቴን፣ አዲስ መሆኑን ባሳይሽስ አልኳት። በምን አለችኝ። ማሽኑ የሠራበትን ጊዜ ራሱ እንደሚቆጥር፣ ኤሌክትሪክ ካገኘ መስኮቱ ላይ እንደሚጽፈው ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና “ዜሮ ካለ እፈርማለሁ” አለች።

አርባ ስምንት ቮልት ያስፈልጋል። ዛሬ ጠዋት አባ ቦናያ ግቢው ውስጥ ከቆሙት አይሱዙዎች አራት ባትሪ አስፈትተው መጡ። እንዴት እንዳሳመኗቸው አልጠየቅሁም። አንዱ ሾፌር ግን “እኒህ ሽማግሌ ሲለምኑም እንደሚያዙ ነው” ሲል ሰምቻለሁ። ባትሪዎቹን በተከታታይ አያያዝኳቸው። ፈታሹም አስፈታሹም ሥራውን ትቶ ከበበን። አዲስ መሆኑን ስለማውቅ ሳላመነታ አበራሁት።

መስኮቱ በራ። ዜሮ አላለም። ስድስት ደቂቃ አለ።

ኤርሚያስ፣ ናይሮቢ ላይ ለምን እንደሞከርከው ይገባኛል። ሳትሞክር ዕቃ አትረከብ ብዬ ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። ስለዚህ በስድስቱ ደቂቃ አልቆጣህም። የምቆጣህ በዘይቱ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ቢመጣ ኖሮ ስድስት ደቂቃ ማን ይጠይቀን ነበር?

ሰንበቴ “ሠርቷል እኮ፣ ጋሼ” አለች። እኔ ስለ ሙከራ ማስረዳት ስጀምር አባ ቦናያ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። “ልጄ፣ ላም ስትገዢ አፏን ከፍተሽ ጥርሷን ታዪ የለም?” አሏት። የተልተሌ ልጅ ናት፣ ከብት ታውቃለች። “አያለሁ” አለች። “እና ጥርሷ ስለታየ አረጀች?”

ሾፌሮቹ በሳቅ ፈነዱ። እሷ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ የስልኳን መብራት አበራችና የሽቦ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ አየች። የፓምፑ ሽቦ የሚታሰርባቸውን ሦስቱን ብሎኖች መፍቻ ነክቷቸው አያውቅም፤ ፓምፕ ያላየ ኮንትሮለር ነው። ቀና አለችና “ጥርስ ነው የታየው” ብላ ፈረመች። ፈርማ ስትጨርስ እሷም ሳቀች።

ቀረጡን እንደ አዲስ ዕቃ ከፈልን። አንተ ልታድነን ያሰብከው ይህንኑ ነበር። የሰዉ መዋጮ በቅቷል፣ አታስብ። ከእንግዲህ ስትልክ ግን በካርቶኑ፣ ከነደረሰኙ ይሁን።

ረሆቦትን ሰላም በልልኝ። ኮከብን አያትሽ ጉንጭሽን ስማለች በላት። የእኔዋ ማሚቴ ሰላም ብላሃለች፤ የዕቃውን መምጫ ስትጠይቀኝ ሰንብታለች፣ ዛሬ ማታ መልስ አለኝ። እማዬ ትመርቅሃለች። ስለ ዘይቱ አልነግራትም፤ የአባባ ጥበብ ከሸፈ ማለት አይሆንልኝም። አባ ቦናያ ደግሞ “ጥርሷን ማየቱ ደግ ነው፣ ላሟን ጭቃ መቀባቱን ግን ይተው” በልልኝ ብለዋል።

ባትሪዎቹን ለባለቤቶቻቸው መልሰናል። የመልቀቂያው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው። ለእኔ የሚቀመጠው ቅጂ ብቻ ቀርቷል፤ ሰንበቴ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከምሳ እስኪመለስ ይጠብቁ ብላኛለች። አባ ቦናያ ኮንትሮለሩን ታቅፈው መኪናው ውስጥ ገብተዋል። የዱብሉቁ ሾፌር ሁለት ጊዜ ክላክስ አደረገ፣ ይኸው ሦስተኛው። ከብት ኮፒ አይጠጣም። ደብዳቤውን ወደ አንተ ለሚሻገረው ሾፌር ሰጥቼ እየወጣሁ ነው።

ወንድምህ ሥዩም
ሞያሌ፣ ጉምሩክ በረንዳ
ረቡዕ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል