ከምኞት ኮምፒውተር የወጣው

ወንድሜ ራጉኤል፣ የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ የወባ ትኩሳት ለቀቀህ ወይ? ማራናታስ ወገቧን ተሻላት? ኢልያስ መሄድ ጀመረ? እኛ በአካል ደህና ነን፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይሁን። የቀረውን ግን በስልክ ልነግርህ አልቻልኩም፤ እማዬ ከአጠገቤ አትለይም።

እህታችን ምኞት ከመሞቷ በፊት ያስማለችኝን ታውቃለህ። ሐኪሙ ሕመሙ ሲነሳባት በቪዲዮ እንድትቀርጸው አዟት፣ ያን ሁሉ ኮምፒውተሯ ላይ አስቀምጣው ነበር። እማዬ እንዳታየው አጥፊው አለችኝ። እማዬ ደግሞ ለለቅሶ ደራሹ ሁሉ "ልጄ ሳትሰቃይ ነው የሄደችው" እያለች ነበር የምትጽናናው። ይህቺኑ እንዳላሳጣት ሰረዝኩት፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁ። ሁሉን አውቃለሁ ባይዋ እህትህ ተገላገልኩ ብዬ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ሳምንት እማዬ ለሙት ዓመቷ የሚሰቀል ፎቶ ፈልጋ፣ እኔ ሥራ በሄድኩበት ኮምፒውተሩን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ጥገና ቤት ያለው ዘርዓብሩክ ዘንድ ወሰደችው። ሰውዬው ክፋት የለበትም። እናት የሞተች ልጇን ፎቶ ስትለምነው አዝኖ፣ የተሰረዘውንም ጭምር ቆፍሮ አወጣላት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ ኮምፒውተር ግን ያፍሳል። ምኞት ትራስ ነክሳ ስታቃስት፣ "እማዬ እንዳትነቃ" ስትል፣ እማዬ ደንበኛ በሞላበት ሱቅ ተቀምጣ አየችው።

ጠርተውኝ ስደርስ አታለቅስም ነበር። ዘርዓብሩክ ነው ላብ በላብ የሆነው። "የቤቱን ቁልፍ ጣልሽ እንጂ ቤቱን አላፈረስሽም" አለኝ። ስንሰርዝ ኮምፒውተሩ ፋይሉ የት እንዳለ ይረሳል እንጂ፣ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ፋይሉ እዚያው ይቆያል አለ። ፎቶዎቹን በፍላሽ ካወጣልን በኋላ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ሞላበት። እስኪጨርስ መሸ። እንደገና ፈለገ፤ ምንም አልወጣም። እማዬ ባዶውን ስክሪን አየችና፣

"ምነው እንቁ፣ ይሄን ያን ጊዜ ባደረግሽው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ብዙ አታወራም። ሌሊት እየተነሳች ግን መኝታ ቤቴ በር ላይ ቆማ ትንፋሼን ታዳምጣለች። እንዳልነቃሁ መስዬ እተኛለሁ።

ስትደውል አንተም ታውቅ እንደነበር ትጠይቅሃለች። አላውቅም በላት። በእኔ ተቀይማለች፣ ይገባኛል፤ በሁለታችንም ከተቀየመች ግን ማን ይቀርላታል?

ማራናታን በጣም አድርገህ ሳምልኝ፣ ወገቧንም ትጠንቀቅ። ኢልያስን በሁለቱም ጉንጩ ሳመው። እማዬም ሰላም ብላሃለች።

እህትህ እንቁ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር ፲፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.