ለአንድ ቃል ሙሉ ገጽ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2፣ ቡሬ

ዛሬ ክፍል ውስጥ ተሳቀብኝ። የፊዚክስ መምህራችን የባትሪ ድንጋይ በእጃቸው ይዘው «ሴል ምንድን ነው?» ብለው እኔን አስነሡኝ። ባዮሎጂ ላይ የሸመደድኩትን፣ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተሠራበት ነው አልኩ። «ታዲያ ድንጋዩ ነፍስ አለዋ!» አለች ከኋላ አንዷ። እስኪደወል ቀና አላልኩም።

ጥፋቱ ከደብተሬ ነው። ዘጠነኛ ስገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆንብኝ፣ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ መስመር ሰጥቼ አንድ ትርጉም ብቻ ጻፍኩ። ሴል ግን በባዮሎጂ ሌላ፣ በፊዚክስ ያው የባትሪ ድንጋይ ነው። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ቁጥር የሚሞላበት ሣጥን ነው። የእስረኛ ክፍልም ሴል ይባላል አሉ።

አባቴ መንፈቁን ካላለፍሽ ወደ ቤታችን ሽንዲ ትመለሻለሽ ብለውኛል። አብራኝ ቤት የተከራየችው ጥሩዬ ይህን ታውቃለች። ከየቤታችን ያመጣነውን ስንቅ እያቀረበች «ያልገባሽን መምህሩን ጠይቂያቸዋ» አለችኝ።

«እኔ?»

«ታዲያ እኔ ልጠይቅልሽ? በየሳምንቱ ይህን ሁሉ እንጀራ ተሸክመሽ የምትመጪው ዝም ለማለት ነው?»

አዲስ ደብተር አውጥቼ ለአንድ ቃል ሙሉ ገጽ ሰጠሁ። ሴል አራት መስመር ያዘ። ቀጥሎ ፓወር ነው። የሒሳቡን አውቀዋለሁ፣ የፊዚክሱን አላውቀውም። ነገ እጄን አውጥቼ እጠይቃለሁ። ይሳቁ።

ጥያቄውን ግድግዳው ላይ አፍጥጬ ተለማመድኩ። አንዴም ሁለቴም ድምፄ አንሶ ጥሩዬ «ምን አልሽ?» አለችኝ። በሦስተኛው «አሁን ተሰማ» አለች።