ለግዙፉ ስኒ ጽሕፈት ቤት፦ በሌሉበት ስለፈረምኩላቸው ጎረቤቶቼ

ለክቡር የግዙፉ ስኒ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጅማ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ቤተሰብዎንም፣ ቢሮዎ በር ላይ የቆመውን የስኒውን ሞዴልም በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጅማ መርካቶ ጀርባ፣ ስኒው ይቆምበታል በተባለው ሰፈር መሀል ብቻዬን የምኖር የመዝገብ ቤት ጡረተኛ ነኝ። ጤናዬ ደህና ነው። ጤናዬን የሚጠይቀኝ ሰው ከጠፋ ግን አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ምስጋናዬን ላቀርብልዎ የተነሣሁትም በዚሁ ጉዳይ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ስኒው። ስድሳ ሜትር ከፍታ ያለው፣ በመስታወት ሊፍት የሚወጣበት፣ ቱሪስት ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እስከ ጅሬን ኮረብታ የሚያይበት የቡና ስኒ ሐውልት ለሰፈራችን በመታሰቡ ኮርተናል። ጅማ ውስጥ በሐምሌ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ የተቀመጠ ዕቃ ምን እንደሚሞላው የማያውቅ ሰው ንድፉን እንዲሠራ መደረጉም ለእንግዳ ያለንን ክብር ያሳያል። እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ስሰማ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅ አልወለድኩም፤ ሰው ይመጣል፣ በር ላይ ወንበር አውጥቼ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ ብዬ ነበር። ልብስ ሰፊው ኤርሲዶ ለቱሪስት የሚሸጥ ሸሚዝ ሊሰፋ አስቦ ነበር፤ ባለቤቱ ታቢታ ግን ቤታችን ከፈረሰ የት ተቀምጠህ ነው የምትሰፋው ብላዋለች። እህል ነጋዴው ሸኩር በበኩሉ፣ ምትክ ቦታው ወደ ሸቤ መውጫ ነው ሲባል ሰምቶ፣ ገበያው እዚህ እኔ እዚያ፣ ወላሂ አይሆንም ይል ነበር። ገና እየመዘንን ሳለን ነው እርስዎ ሚዛኑን ያነሡብን።

ሁለተኛ፣ ስለ ስብሰባው። የነጋዴን ሰፈር ሐሙስ ቀን፣ ገበያው በደራበት ሰዓት ለውይይት መጥራትዎ አሳቢነትዎን ያስረዳል፤ አዳራሹ እንዳይጨናነቅ ነው። ከእድራችን አባላት የተገኘነው ዘጠኝ ነበርን፤ ከዘጠኙም ሁለቱን ያስገባቸው ዝናብ ነው። ባለሙያዎ «የእጅ ጽሑፍዎ ያምራል» ብለው የስም መቆጣጠሪያውን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት የእድሩ ጸሐፊ ነበርኩ። በእኛ እድር አባል ገበያ ውሎ ሲቀር ቅጣት እንዳይመጣበት ጸሐፊዋ ትፈርምለታለች፤ ይህ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይጽፈው ደንባችን ነው። እናም እጄ የለመደውን አደረገ። የቀሩትን ሠላሳ አምስት ስሞች በቃሌ ስለማውቃቸው አንድ በአንድ ጽፌ ፈረምኩላቸው። ማንም አላዘዘኝም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ጎረቤቶቼን ከቅጣት ያዳንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ሦስተኛ፣ ከስብሰባው በሁለተኛው ሳምንት ያው ወረቀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አገኘነው። ርእሱ ብቻ ተቀይሮ «ፕሮጀክቱን በሙሉ ድምፅ የደገፉ ነዋሪዎች» ይላል። የስም መቆጣጠሪያን በአንድ መስመር ወደ ሕዝብ ድጋፍ የሚቀይር ሙያ በመዝገብ ቤት በቆየሁበት ዘመን ሁሉ አላየሁም፤ አድናቆቴን ይቀበሉኝ። ጎረቤቶቼም ስማቸውን በእኔ እጅ ጽሑፍ ተጽፎ አነበቡት።

ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር። ሸኩር ጠዋት ሱቁን ሲከፍት «አካም ቡልተኒ፣ እትዬ ሸዋ» ብሎ እንዴት አደሩ ሳይለኝ አይውልም ነበር፤ ዛሬ እስካልፍ ድረስ ቁልፉን እያገላበጠ ይቆያል። የታቢታ ልጆች የቤት ሥራቸውን እኔ ቤት መሥራት ትተዋል። የእድሩን መዝገብ ለመውሰድ የተላኩት ሁለት ሽማግሌዎች ቁጭ በሉ ብላቸው እንኳ አልተቀመጡም፤ ውኃ ባቀርብላቸው አልጠጡም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ እኔ ሩቅ ዘመድም የለኝ። ከሰሞኑ የማልሰማውን ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ከፍቼ እውላለሁ። ብቸኝነት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር፤ ይኸው አሁን አወቅሁት።

አራተኛ፣ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስት ጊዜም በትሕትና ተመልሻለሁ። በመጨረሻው ጊዜ ጸሐፊዎ፣ ያልተስማማ ሰው ለምን ይፈርማል ብለው አስተምረውኛል። ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። የምለምንዎ ገንዘብ አይደለም፣ ምትክ ቦታም አይደለም፤ ይህ ዝርዝር የስብሰባ መቆጣጠሪያ እንጂ የስምምነት ሰነድ አይደለም የሚል አንድ መስመር ጽሑፍ ከነማኅተሙ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይሉ የለ፤ የእኔ የእጅ ስለሆነ ገና ሊታሽ ይችላል። ወረቀቱን ይዤ እድሩ በሚሰበሰብበት እሑድ ፊታቸው ልቁም፤ ከዚያ በኋላ ስኒው ይቁም አይቁም ራሳቸው ተነጋግረው ይወስኑ። በሐሰተኛ ፊርማ እከስሻለሁ ቢሉኝም ቃሌን ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። እኔን መክሰስ ዝርዝሩ ሐሰት ነው ማለት ነውና ክሱን በናፍቆት እጠብቃለሁ።

ለሰፈራችን ስላሰቡልን፣ ሳንናገር ስለሰሙን፣ ሳንመጣም ስለቆጠሩን የማያልቅ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ሥልጣንዎ እንደ ስኒው ከፍ እንዲል እመኛለሁ።

አክባሪዎ
ሸዋረገጥ ይፍሩ
የቀድሞ የእድሩ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ከደጋፊዎችዎ መካከል በተራ ቁጥር 31 ላይ የሚያገኙት አቶ ለይኩን ባለቤቴ ነው። ካረፈ አራት ዓመት ሆኖታል። በእድሩ መዝገብ ላይ ቤታችን እስከ ዛሬ በስሙ ስለሆነ፣ ተራው ሲደርስ ዘልዬው ማለፍ አቅቶኝ ፈረምኩለት። የመሠረት ድንጋዩ በሚቀመጥበት ቀን የጥሪ ካርዱን ለእኔ ይላኩልኝ፤ አደርስለታለሁ። ካርድ ባደርስለት የሚቀበለኝ ጎረቤት አሁን እርሱ ብቻ ነው።