የእትዬ የሻረግ በሬ እና ሁለተኛው ገጽ

ውድ ሙሉቀን፣

በስማዳ ወረዳ ከእኔ የሚፈጥን አንባቢ የለም። እሺ፣ በወረዳው አልልም፤ በማታ ትምህርት ክፍላችን፣ ያውም በኋለኛው ወንበር በኩል። ቢሆንም የሸጥህልንን የበሬ ኢንሹራንስ ውል እስከ ሁለተኛው ገጽ አንብቤዋለሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስጨርስ አንተ ያለህበት ወገዳ ከተማ ድረስ መጥቼ አንገትህን ላንቅ ነበር፤ መንገዱ ነው ያተረፈህ።

ያን ቀን ወይራው ሥር ሰብስበኸን፣ «ደምሌ ተምሯል፣ እሱ ያንብብላችሁ» ብለህ ወረቀቱን ሰጠኸኝ። አብሮ አደጌ አከበረኝ ብዬ ደረቴ ተነፋ። ያኔ ከ«ሀ» ተነስቼ ገና «ረ» ላይ ነበርሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ አንተ በቃል የነገርኸኝን «በሬው ከሞተ ካሳ ይከፈላል» ዳዊት እንደሚደግም ሰው አነበነብሁት። ማንበብ እንደማልችል ታውቅ ነበር፤ ሳቅህን ዋጥኸው። እትዬ የሻረግ ግን አምነውኝ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነከሩ።

በሰኔ በሬያቸው ገደል ገባ። ደወልሁልህ።

«ገደል ለገባ በሬ ካሳ የለም፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል» አልኸኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርኸንም?»

«አንባቢው አንተ አልነበርህ እንዴ?»

ወይ አንተ! በእኛ አገር በሬ ከገደል ሌላ በምን ይሞታል? እሳቸውም እኔም ያለን አንድ አንድ በሬ ነው፤ አቀናጅተን ነበር የምናርሰው። የእኔው ብቻውን ቆሟል፣ የባልቴቷ የገብስ መሬት ጦም ሊያድር ነው። እትዬ ሰባት ጊዜ ረግመውሃል።

አሁን ደግሞ «የቀበሌው ወኪላችን ሁን» ትለኛለህ። እሆናለሁ! ግን በራሴ ሕግ። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፦ ከሚከፈለው በፊት የማይከፈለውን አነባለሁ። ያልገባኝን «አልገባኝም» እላለሁ፤ ይህ ለእኔ ዓይነቱ ከሞት ይከብዳል። ፈራሚው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ሳይነግረኝ ጣቱን ቀለም አላስነካም። አንተም በዚሁ ሕግ ትገባለህ። ቅዳሜ አባትህ ቤት ያለውን በሬህን ይዘህ ና፤ ከእኔው ጋር ጠምደን ዝናቡ ሳያልፍ ማሳቸውን እናርሳለን። ሁለታችንም ፊታቸው ቆመን ምን እንዳደረግን እንናገራለን። ካልመጣህ ወኪልነቱንም ጓደኝነቱንም ለራስህ አድርገው።

በሕጌ ከጀመርሁ አይቀር አንድ ልናዘዝ። እርግማኑን ፈጥሬዋለሁ። እትዬ የሻረግ ያሉት፣ «ያ ልጅ ያን ሁሉ ዳገት በእግሩ መጥቶ፣ ደኅና ገብቶ ይሆን?» ነው። እሱን መጻፍ ከብዶኝ ነው።

በጣቱ ሳይሆን በእጁ የፈረመ፣
ደምሌ