የረውዳ ድስት

መጋቢት 20፣ 2004

ዛሬም ምንም የለም። ቢሮ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ ኮርስ፣ ቤት። ኦሎምፒያ ላይ ዝናብ ያዘኝና ጫማዬ ተበላሸ።

እንግሊዝኛ ኮርሱ ላይ መምህር ወልደአማኑኤል ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ። ሴትልድ። የሰሞኑ ሥራችን እሱ ነው። ተደላድሎ የተቀመጠ፣ ሥር የሰደደ፣ ነባር፣ የረጋ… ትርጉሙ አያልቅም። «መዝገበ ቃላት እንዳትገለብጡብኝ» አለ። «ለእያንዳንዱ ትርጉም የምታውቁትን አንድ ሰው አምጡና ዓረፍተ ነገር ሥሩበት።» ከእንግሊዝኛው ሰው መፈለጉ ይብሳል።

ቤት ስገባ እማዬና ደባላችን ረውዳ አንድ ጋቢ ደርበው ቴሌቪዥን ያያሉ። ያውም እኔ ቦታ ላይ። «መጣሽ?» አለች እማዬ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል። እኔ እኮ ነኝ ልጇ!

መጋቢት 23

የቤት ሥራ። ሥር የሰደደ… ማን አለ? ረውዳ ነቻ! ሌላ ማን ይመጣልኛል። ደባል ሆና ጓዳችን ስትገባ «ለሁለት ወር ነው» ነበር የተባልነው። ይኸው አምስት ዓመት። ቶታል ጋ ባሊና ጀሪካን ትሸጣለች፣ ሰፈሩ በሙሉ የሷ ነው። እኔ እዚሁ ካዛንቺስ ተወልጄ ያደግሁት፣ ባለፈው አንዷ ጎረቤት «እነ ረውዳ ቤት ያለችው ልጅ» አለችኝ። ጉድ እኮ ነው!

እማዬ ደግሞ ትናንት «ጓለይ» ብላ ጠራቻት። ጓለይ! አባዬ ከሞተ ወዲህ በቤታችን የቀረችው ትግርኛ ያቺው ቃል ብቻ ናት። ልጄ ማለት ነው። የኔ ነበረች። ስልጤዋ ረውዳ «አቤት እማማ» ብላ ብድግ።

ታዲያ እኔ ማን ተብዬ ልጠራ?

ሚያዝያ 6

የፋሲካ ዋዜማ። እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ተበሳጭቻለሁ።

ረውዳ እስላም ናት፣ እኛ ያረድነውን አትበላም። እኛም እነሱ ያረዱትን አንበላም። ስለዚህ በየበዓሉ ወንድሟ መሐመድአሚን ከቡልጋሪያ ሰፈር ይመጣና ዶሮ ያርድላታል፣ እማዬ ለብቻ ትሠራላታለች። ለብቻ ድስት፣ ለብቻ ማማሰያ። ድስቱ ቀይ ነው፣ ራሱን የቻለ ሚስማር አለው፣ ማንም አይነካውም። እኔ እዚህ ቤት ሚስማር እንኳ የለኝም።

ዛሬ ሁለቱም ድስት ተጥዷል። የኛን አማሰልኩና ያንኑ ማማሰያ ረውዳ ድስት ውስጥ ከተትኩት። ድካም ነው… ድካም ብቻ ነው? «ኧረ በስመ አብ! ምን አደረግሽ አንቺ!» አለች እማዬ። ያን የመሰለ ወጥ ለሷም አይሆን ለኛም አይሆን። ለውሻ ተደፋ።

ረውዳ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «አይዞሽ ሲሙ፣ ጾሙ አድክሞሽ ነው።» ብትሰድበኝ ምናለ! ነገ በፋሲካ ምድር እንቁላል ልትበላ ነው።

ሚያዝያ 9

እማዬ መርካቶ ወርዳ በቀዩ ፋንታ አዲስ ድስት ገዛችላት። በዚያ እግሯ! አስፋልት ለመሻገር እኔን የምትደገፍ ሴትዮ ለረውዳ ድስት መርካቶን ዞረች። ለእኔ ብላ የት ሄዳ ታውቃለች?

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ በድስት ቀናሁ።

ሚያዝያ 17

መምህር ወልደአማኑኤል የቤት ሥራዬን ጮክ ብሎ አነበበው። «ረውዳ ቤታችን ውስጥ ሥር ሰዳለች፤ ማንም ሊነቅላት አይችልም።» ሰዋስዉ ልክ ነው አለ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና «ግን ሲምረት፣ ይሄ ስለ ሰው ነው ወይስ ስለ አረም?» አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

ግንቦት 4

ሰፈራችን ሊነሳ ነው። በቃ፣ ቁርጥ ሆነ። ለእማዬ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደርሷታል፣ ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ደባል የለበትም። ደባል ራሱን ይቻል ተብሏል።

ግቢው ሁሉ ለቅሶ ቤት መስሏል። እማዬ የበሩን መቃን እየዳሰሰች ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፣ የውሸት አይደለም፣ እዚህ በር ላይ ነው ጥርሴን የነቀልኩት። ግን ከለቅሶው ሥር አንድ ነገር ነበር… እኔና እማዬ ብቻ። እኔና እማዬ ብቻ! እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት።

ግንቦት 18

እማዬ እራት ላይ፣ «ረውዳ ሳሎን ትተኛለች» አለች። እንደ ቀላል ነገር!

«አንድ መኝታ እኮ ነው እማዬ። ሳሎኑ እኮ እንዲችው ነው። እኔ ወይስ እሷ?»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብላ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ» ብትለኝማ… ቁራሹን ጠቀለለች፣ ግን አልጎረሰችውም።

ዞር ስል ረውዳ በሩ ላይ ቆማለች። ሰምታለች። «እማማ፣ አያስቡ» አለች። «ቡልጋሪያ ወንድሜ ሰፈር ክፍል አግኝቻለሁ። ለሱቄም ይመቸኛል፣ ማለቴ… ቅርብ ነው።»

የእውነት አግኝታ ነበር? እንጃ። አልጠየቅኋትም።

ሰኔ 9

ዛሬ ገባን። አይሱዙው ላይ እቃ ሲጫን ጎረቤት ሁሉ ተንጋግቶ ወጣ። ማንን ነው አቅፎ የሚላቀሰው? ረውዳን! የምንሄደው እኮ እኛም ነን። እሷ እማዬን አንገቷ ሥር ስማ፣ ሻንጣዋን ይዛ፣ ዞር ሳትል ሄደች። ለእኔ «ሲሙ፣ ደረጃው ላይ ያዣቸው» አለችኝ። ሳትነግረኝ የማላውቅ መሰላት?

እማዬ ሁሉን ነገር መኪናው ላይ አስጫነች፣ የረውዳን ድስት ብቻ አቅፋ ጋቢና ተቀመጠች። ጀሞ ስንደርስ መጋረጃ ሳይሰቀል፣ ሥዕለ አድኅኖ ሳይሰቀል፣ መጀመሪያ ለድስቱ ሚስማር አስመታችኝ። በገዛ እጄ መታሁት።

ሰኔ 10

እኔና እማዬ ብቻ። ቤቱ ያስተጋባል።

ሰኔ 24

መምህሩ፣ «ውሃ ደፍርሶ ደፍርሶ ሲረጋም ሴትል አደረገ እንላለን» ብሎ ነበር። እኛ መቼ ነው የምንረጋው? እማዬ ከገባን አንድ ቀን ብቻ ነው የወረደችው። ጎረቤት አናውቅም። ዘበኛው እኔን ዛሬም «ማን ጋ ነሽ?» አለኝ። እቃው ግማሹ እንደታሰረ ነው፣ ልፍታው ስል «ተይው፣ ይደርሳል» ትላለች። ድስቱን ግን በየቀኑ ታወርደዋለች፣ ትወለውለዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች።

ረውዳ ትደውላለች። እማዬ ስልኩን ይዛ መኝታ ቤት ትገባለች። ትስቃለች። ከእኔ ጋር ስትሆን ስለ መብራት ቆጣሪ ነው የምናወራው።

ቢያመኝ ጊዜ «ይህን ያህል ከናፈቀችሽ ለምን አትመጣም?» አልኳት።

«አንቺ ነይ ብለሻታል?»



ሐምሌ 4

ከታሰረው እቃ ውስጥ የረውዳ ሻርፕ ወጣ። «አድርሺላት» አለችኝ እማዬ። ትእዛዝ ነው። በምሳ ሰዓት ከቢሮ በእግሬ ወረድኩ። ቡልጋሪያ አንድ ጋራዥ በር ላይ በግሪስ የተለወሰ ሰውዬ አገኘሁና «ረውዳ የምትባል…» ከማለቴ፣ «የባሊዋ ረውዳ? በዚህ ግቢ። ለሷ ነው እንዴ? ግቢ፣ ግቢ!» ገና ወር ሳይሞላት! ይቺ ሴትዮ የትም ብትጣል ትበቅላለች።

ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ቡታጋዝ። ስታየኝ ደነገጠች። «እማማ ደህና ናቸው?» ደህና ናት አልኳት። ሻርፑን ሰጠኋት። ልወጣ ስል ግድግዳው ላይ ዓይኔ አረፈ። ሚስማር። ሚስማሩ ላይ ትንሽ ነጭ ድስት፣ ለብቻው። ከሌሎቹ እቃዎች ራቅ ብሎ።

ገባኝ። እዚህም ድረስ ለእማዬ! «የእማዬ ነው?» አልኳት። ድምፄ ራሱ አስጠላኝ።

«ኧረ እማማ በዚያ እግራቸው እዚህ ምን ያመጣቸዋል?» አለች። «ያንቺ ነው። ቢሮሽ ቅርብ ነው፣ አንድ ቀን ለምሳ ብቅ ትል ይሆናል ብዬ እኮ ነው። ሥጋ ነክቶት አያውቅም፣ ወላሂ። ማማሰያውም የራሱ ነው።»

ማማሰያ ስትል ፊቷን አየሁት። ለነገር አልነበረም። እንደዚያ አስባ አይደለም።

ረቡዕ ነው፣ ሽሮ ሠራችልኝ። በኔ ድስት። መጀመሪያ አልወርድ አለኝ፣ ከዚያ ሁለቴ አስጨመርኩ። «ለምን አልመጣሽም?» አልኳት።

«ቤቱ ያንቺም ነው ሲሙ። እስክትጠሪኝ ነው።»

ምን ይባላል? ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፣ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። «እሁድ ነይ» አልኳት። «እማዬ ያንን ድስት ወልውላ ጨረሰችው።» ስትስቅ እንባዋ መጣ። የኔም።

ማታ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። ግቢውን፣ ሰውዬውን፣ ሚስማሩን። ረውዳ ለእኔ ድስት ገዛችልኝ አልኳት።

ሰማችኝና «ለእኔስ?» አለች።

«ላንቺ የለም።»

ፊቷ ቅጭም አለ። እስክትተኛ አኮረፈች። ደስ አለኝ… ምን ልዋሽ።