መጽሐፍ አስይዘው ያነሱኝ ፎቶ

ጥር 12
ከጀሞ እስከ ጎፋ ያለውን ታፔላ ሁሉ አነበብኩ። ታክሲ ውስጥ፣ ጮክ ብዬ። ረዳቱ "ፋዘር፣ እዚህ የምጮኸው እኔ ነኝ" አለኝ። ቀናብኝ። የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ ያልቀናብኝ የለም… ገዲሴ ብቻ። ሚስት መቼ ይገባታል?

ጥር 15
ቤተልሄም በምጠብቀው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የደርግን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታጠናለች። የድሮ ጋዜጣ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል አሉ።
"ጋሼ ዱጉማ፣ ይሄ የእርስዎ ስም አይደል?"
ራሴ አነበብኩት። "ታዳጊው ዱጉማ ዋቅጅራ ማንበብና መጻፍ ቻለ።" ፎቶው ላይ መጽሐፍ ይዣለሁ። እኔው ነኝ!
ቻለ? ታዲያ አምና ከሀ ሁ ጋር ሲታገል የከረመው ማነው?

ጥር 16
ንዴቴ አልበረደም። ያኔ ፎቶ ሊያስነሳን የመጣው ካድሬ "ከንፈርህን አንቀሳቅስ" ነበር ያለኝ። አንቀሳቀስኩ። የሁላችንም ፎቶ እንዳበቃ መጽሐፉን ነጠቀንና ለሚቀጥለው ቀበሌ ይዞት ሄደ። አስተማሪ የሚባል ዞር ብሎ አላየንም።

ጥር 20
ይህንኑ ለቤተልሄም ነገርኳት።
"አማካሪዬ ጋዜጣው ማስረጃ ነው፣ ወሬ ግን አይበቃም ብለውኛል፣ ጋሼ።"
ወሬ! ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ፣ ወሬውም እኔ?
"እንግዲያው ጽፈው ይፈርሙልኝ። ስካን አድርጌ ከጋዜጣው ጎን አስገባዋለሁ።"
ታፔላ ማንበብ ሌላ፣ ገጽ ሙሉ መጻፍ ሌላ…

የካቲት 3
የጻፍኩትን ቀደድኩት። እንደገና።

የካቲት 9
ጨርሼ ሰጠኋት። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ ጉራዬንም አልረሳሁ። አንብባ ሳቀች። ከዚያ ፎቶውን አየችና "አጠገብዎ ያለውስ ማነው? ስሙን አልጻፉትም" አለችኝ።
ሞልቱ ነው። የጎረቤታችን ልጅ። ያንኑ መጽሐፍ ከእኔ ቀጥሎ አስይዘው አነሱት። ኋላ አፍሰው ጦር ሜዳ ወሰዱት። ለእናቱ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ጓደኛው ነው የጻፈለት። እሷም ሰው አስነብባ ሰማች። ሌላ አልመጣም።
ስለ እሱ አንዲት ቃል አልጻፍኩም… እንዴት?

የካቲት 14
ወረቀቴን አስመልሼ አዲስ ጻፍኩ። ስለ እኔ ሦስት መስመር ብቻ። የቀረው የሞልቱ ነው፤ ከነአባቱ ስም፣ ከነቀበሌው። ቤተልሄም ስታነብ አልሳቀችም። "ከጋዜጣው ጎን ይገባል" አለች።
እኔስ ዘግይቼም ቢሆን አነበብኩ። እሱን ግን ያነባል ብለው ጽፈው ነው የቀበሩት። የት እንደቀበሩትም የነገረን የለም።