የወንድሜን ስም ከመዝገቡ ለማይፍቀው መሥሪያ ቤት

ለአቶ ሃቦ ፖፒንጋ፣
ባሉበት።

ሃቦ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፤ አክስታችን ጌሽም ደህና ናት። ዛሬ ሌላ ደብዳቤ መጥቶልሃል። አምስተኛው መሆኑ ነው። እንደ በፊቶቹ ሁሉ «የተከበሩ አቶ ፖፒንጋ» ብሎ ይጀምርና በአሥራ አራት ቀን ውስጥ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ በአካል እንድትቀርብ ያዝዝሃል። «በአካል» የሚለው ቃል በደማቅ ነው የተጻፈው። ከቀበርንህ ሰባት ሳምንት ሆኖናል፤ ነገር ግን አንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት በሕይወት አለ ብሎ ሲጽፍልህ እኔ ብቻዬን የለም ብዬ መከራከሩ ስለደከመኝ፣ ለዛሬ እንደ እነሱ ልጻፍልህ ብዬ ነው። የምጽፈውን የአገሩ ሰው ሁሉ በጋዜጣ ስለሚያነበው አትቆጣኝ። ዝም በል ብለኸኝ ዝም ብዬ ነበር፤ ከእንግዲህ ግን አልቻልኩም። አሁን ከፈቀድክልኝ ወደ አለቃው ልዙር።

ለክቡር ዶክተር ሮልፍስ፣
የአውራጃችን የመንጃ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በሥርዎ ለሚያገለግሉት ሠራተኞች በሙሉ ጤናን፣ ረጅም ዕድሜንና የማያልቅ የማኅተም ቀለም እመኛለሁ። እኔ ኤይልት ፖፒንጋ እባላለሁ፤ ባለፈው ማክሰኞ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላኝ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከላይ በቅድሚያ ሰላምታ ያቀረብኩለት ሃቦ ወንድሜ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። እናታችን ስትሞት እኔ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ስለነበርኩ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ የትምህርት ቤት ወረቀቴ ላይ ሁሉ «ወላጅ» በሚለው ቦታ የሚፈርመው እሱ ነበር።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ መንዳት እንድጀምር በቸርነትዎ የሰጡኝን ወረቀት እንደሚያስታውሱት አልጠራጠርም። ያ ወረቀት የሚፈቅድልኝ ስሙ የተጻፈ አጃቢ አጠገቤ ሲቀመጥ ብቻ እንድነዳ ነው። በእኔ ወረቀት ላይ የሰፈረው አንድ ስም ብቻ ሲሆን እሱም የሃቦ ነበር፤ አክስቴ ጌሽ በሕይወቷ ከሳይክል ሌላ ነገር ነድታ ስለማታውቅ ሁለተኛ ስም የምናስጽፈው አልነበረንም።

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ዝናባማ ሐሙስ ጠዋት፣ ሃቦ አጠገቤ ተቀምጦ ወደ ትምህርት ቤት እየነዳሁ መንገድ ላይ ካለው ዳቦ ቤት ቆምን። ዳቦ ገዝተን ስንመለስ መኪናዋን ወደ ኋላ ሳወጣ ከጀርባ ቆማ የነበረችውን የአቶ ዊልትፋንግን ግራጫ መኪና ገጨሁ። የግራጫዋ ፓራፋንጎ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ጎደጎደ። ሰው አልተጎዳም፣ መስታወትም አልተሰበረም። ባለቤቱ በአካባቢው አልነበሩም፤ የሒሳብ ፈተናዬ ሊጀመር ደግሞ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ሃቦ ወርዶ የተጎዳውን አየና፣ የዳቦውን ከረጢት ቀዶ ስሙንና ስልኩን ጻፈበት፤ ከግራጫዋ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ እኔ ያለሁበትን በር ከፈተው።

«ይህን የምታህል መኪና አላየሃትም? ጎበዝ ሹፌር። በል ወዲያ ተሻገር፣ እኔ ልንዳ፤ ፈተናው ያልፍሃል።»

በእኛ አካባቢ ሰው ስሙን ጽፎ መጥረጊያ ሥር ካስቀመጠ ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። አያቶቻችንም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ማታ ላይ ስልክ ይደወላል፣ ሻይ ይቀርባል፣ ነገሩ ያልቃል። ሕጉ ግን ወይ ቆመህ ባለቤቱን ጠብቅ ወይ ፖሊስ ጥራ እንጂ ወረቀት ጽፈህ ሂድ እንደማይል፣ ይህን ሳያደርግ የሄደ ሰውም ገጭቶ እንዳመለጠ እንደሚቆጠር ከእርስዎ ቢሮ ነው የተማርነው፤ ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን። ዝናቡም ከሕጉ ጋር ተባብሮ ጽሑፉን አጥቦ ወሰደው። አቶ ዊልትፋንግ ያገኙት የረጠበ ከረጢት ብቻ ስለነበር ፖሊስ ጠሩ፤ የዳቦ ቤቷ ሻጭም ታርጋችንን በትክክል አስታውሳ ነገረች።

ፖሊሱ የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣና በሩ ላይ ቆሞ ማን ይነዳ እንደነበር ጠየቀ። እኔ ከሃቦ ጀርባ ቆሜ ነበር። አፌን ሳልከፍት ሃቦ «እኔ» አለ።

ፖሊሱ ከሄደ በኋላ ለምን እንደዋሸ ስጠይቀው፣ እኔ መሆኔ ከታወቀ ወረቀቴን እንደምነጠቅና በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ በሚያልፍ አውቶቡስ ትምህርቴን መጨረስ እንደማልችል ነገረኝ። እሱ ግን ቢበዛ አንድ ቅጣት ከፍሎ እንደሚገላገል ነበር የመሰለው። በዚህ ሁለታችንም ተሳስተናል። ስለሆነም ክቡርነትዎ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ጉዳዩን ለያዙበት ፍጥነት አመሰግናለሁ። ወንድሜ ገጭቶ በማምለጥ መጠርጠሩን የሚገልጸው ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን ደረሰን። ሃቦ በመንደራችን የበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ቡድን ውስጥ ለአሥራ ሁለት ዓመት ትልቁን መኪና የነዳ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ያለበት ሰው ያን መኪና መንዳት ስለማይፈቀድለት፣ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ሄዶ ቁልፉን ለቡድኑ አለቃ አስረከበ። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ዋሽቶ፣ ያችን ውሸት እንኳ በደንቡ መሠረት ነው የኖራት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሳይረኑ ሁለት ጊዜ ጮኸ። መጀመሪያ ሲጮኽ ጫማውን አጥልቆ በሩን ከከፈተ በኋላ ነው ትዝ ያለው። ጫማውን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ተመልሶ ተቀመጠ። በሁለተኛው ጊዜ ከወንበሩም አልተነሳም፤ መኪናው በመስኮታችን ሥር ሲያልፍ ማርሹን የሚቀይረውን ሰው አዳመጠና «ቸኮለ» አለ። በዚያ ቀን ምሳ ላይ ልሂድና እውነቱን ልንገራቸው ብዬ ነበር።

«ድንችህ ቀዘቀዘ፣ ብላ» አለኝ።

በላሁ። ክቡርነትዎ፣ ያን ድንች መብላቴን በየትኛው አንቀጽ እንደሚያስቀጡኝ ባውቅ ደስ ይለኛል።

አደጋው በደረሰ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሃቦ በሚሠራበት የጀልባ መጠገኛ ውስጥ ልቡ ቆመ። ሐኪሞቹ ከልጅነቱ ጀምሮ የነበረ፣ ማንም ያላወቀው ችግር እንደሆነና ከጭንቀት ጋር እንደማይገናኝ ሦስት ጊዜ ደጋግመው አስረድተውኛል። አምኛቸዋለሁ። ሆኖም ሲሞት ቁልፉ በእጁ አልነበረም፤ ያንን ሐኪም አያስረዳኝም።

ሁለተኛ። ለሟች ለምታሳዩት የማይቋረጥ አክብሮት አመሰግናለሁ። የሞት ምስክር ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ልኬላችኋለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ መልስ አልመጣም። በሁለተኛው ጊዜ ቅጂ ተቀባይነት እንደሌለው ተገለጸልኝ። በሦስተኛው ጊዜ ዋናው ሰነድ መድረሱ በምስጋና ከተጠቀሰ በኋላ፣ አቶ ፖፒንጋ አስተያየታቸውን በጽሑፍ ካላቀረቡ ውሳኔው እሳቸው በሌሉበት እንደሚሰጥ ተጻፈልን። እሳቸው የማይገኙ ለመሆናቸው ከእርስዎ ቢሮ የበለጠ ማስረጃ የያዘ ያለ አይመስለኝም። በዚያው ሳምንት ለእኔም አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ አጃቢዬ በጥርጣሬ ላይ ስለሚገኝ ከወረቀቴ ላይ እንደሚሰረዝ፣ ለዚህም መስማማቱን ፈርሞ እንዲልክ እንዳሳስበው የሚጠይቅ ነው። አሳስቤዋለሁ። መቃብሩ ላይ ቆሜ ነው ያሳሰብኩት፤ ከእርስዎ ጋር ከመጻጻፍ ይልቅ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ነበር።

ሦስተኛ። የእምነት ቃሌን ስላልተቀበላችሁ አመሰግናለሁ። ከቀብሩ በኋላ ባለው ሰኞ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ወደ ቢሮዎ መጣሁና በአራተኛው መስኮት ለምትሠራው ለወይዘሮ ዲርክሰን ሁሉንም ነገር ነገርኳት። ደግ ሴት ናት፤ መሐረብ ሰጠችኝ። ፋይሉን ከፍታ ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ክሱ በሞት ምክንያት መዘጋቱን፣ መንጃ ፈቃዱን የሚጠይቀው ግን ሌላ ክፍል ስለሆነ እነዚያ ደብዳቤዎች መምጣታቸውን እንደሚቀጥሉ አስረዳችኝ። እኔ የመጣሁት ስለ ደብዳቤዎቹ እንዳልሆነ ነገርኳት። ፋይሉ ላይ የወንድሜ ስም ተፍቆ የእኔ እንዲጻፍ ነበር የፈለግኩት።

«የኔ ልጅ፣ የሟች ፋይል ይዘጋል እንጂ አይታረምም» አለችኝ።

«የነዳሁት እኔ ነኝ እያልኩሽ?»

«እኔ ነኝ ብሎ የፈረመው እሱ ነው። ቃሌን አንስቻለሁ ማለት የሚችለውም እሱ ብቻ ነው።»

«እሱ እኮ ሞቷል።»

«ስለዚህ ነዋ የተዘጋው።»

ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ያው በራችን ላይ ቆሞ የነበረው ፖሊስ ነው ያገኘኝ፤ አቶ ዊልትፋንግ አቤቱታቸውን እንዳነሱ ነግሮኝ ሄጄ ትምህርቴን እንድማር መከረኝ። አቶ ዊልትፋንግ ራሳቸው ቀብር ላይ መጥተው ነበር። ጽሑፉን ማንበብ ችለው ቢሆን ኖሮ በራችንን አንኳኩተው አንድ ሻይ ጠጥተው ይመለሱ እንደነበር እየነገሩኝ አለቀሱ። መኪናዋን እስከ ዛሬ አላስጠገኗትም፤ መንገድ ላይ ባየኋት ቁጥር ያ የጎደጎደ ቦታ ከፊቴ ያልፋል። በዚህ አውራጃ ውስጥ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን የሚመሰክርልኝ እሱ ብቻ ነው።

አራተኛ። ይህ እርስዎን አይመለከትም፤ ነገር ግን ቁጥር መቁጠር ከጀመርኩ አይቀር ልጨርሰው። የሚቀጣኝ ስላጣሁ ወደ እሳት አደጋ ቡድናችን አለቃ ወደ አቶ ፎክኬን ሄድኩ። የመኪናውን ጎማ ንፋስ እየለካ ነበር። እያየኝ አዳመጠና ሥራውን ጨርሶ ቀና አለ።

«ሃቦ አሥር ቶን መኪና ይዞ በግድቡ ጫፍ ላይ በጉም ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው ነው። ዳቦ ቤት በር ላይ ገጨ ሲባል ማናችን ያመንን ይመስልሃል?»

ታዲያ ቁልፉን ለምን ተቀበላችሁት አልኩት።

«አንተ ትመጣለህ ብለን ነዋ» አለኝ። «በየቀኑ ነው የጠበቅንህ።»

ክቡርነትዎ፣ እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። መንደሩ ሁሉ እውነቱን ያውቃል፤ የማያውቀው የእርስዎ ፋይል ብቻ ነው። መንደሩ ግን በቃል ነው የሚያውቀው፣ ሰዎቹም አንድ ቀን ያልፋሉ። የእርስዎ ፋይል እንደማያልፍ፣ ለዓመታት በሣጥን እንደሚቀመጥ ወይዘሮ ዲርክሰን ነግራኛለች። ወንድሜ በሕይወቱ ስለ እሱ ብዙ ወረቀት የተጻፈለት ሰው አልነበረም፤ መንግሥት ስለ እሱ የጻፈው የመጨረሻ ነገር ግን ገጭቶ አምልጧል ተብሎ መጠርጠሩ ነው። የምለምንዎት አንድ መስመር እንዲቀየር ብቻ ነው። «ነጂ» ከሚለው ቃል አጠገብ የእኔን ስም ይጻፉልኝ። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቅጣት ሁሉ፣ ቢቻል ቀለል ሳይደረግልኝ፣ እቀበላለሁ። የማይቻል ከሆነም አይቻልም የሚለውን ደብዳቤ ለእኔ እንጂ ለእሱ እንዳይልኩ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ መልስዎን ዕድሜዬ እስከፈቀደልኝ ድረስ በትዕግሥት እንደምጠብቅ እያረጋገጥኩ፣ ለቢሮዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮትና ከዚያም የጠለቀ ድካሜን አቀርባለሁ።

የማይፈለገው ጥፋተኛዎ፣
ኤይልት ፖፒንጋ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ አክስቴ ጌሽ ከቀብሩ ጀምሮ አብራኝ ስታድር ቆይታ ባለፈው ሰኞ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ማክሰኞ ደግሞ አሥራ ስምንት ሞላኝ። ስለዚህ የማክሰኞው ጠዋት በቤትም በመኪናም ብቻዬን የሆንኩበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር። ዳቦዬን ቆሜ በላሁና ያለ አጃቢ መንዳት ስለተፈቀደልኝ ብቻዬን እስከ ቢሮዎ ነዳሁ። ማንንም አልገጨሁም። መኪናዋን በእንግዶች ማቆሚያ፣ በሁለቱ መስመሮች መካከል አቁሜ ተራ ቁጥር ያዝኩ። ሁለተኛው መስኮት አዲሱን መንጃ ፈቃዴን እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ሰጠኝ። ይዤው ወደ አራተኛው መስኮት ሄድኩና ወይዘሮ ዲርክሰን ፊት አስቀመጥኩት፤ እናንተ ካልነጠቃችሁኝ እኔው ልመልሰው ብዬ ነው የመጣሁት አልኳት። ምክንያቱን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ቅጹ ላይ ለእንደዚህ ዓይነት ምክንያት ቦታ እንደሌለ፣ «በራስ ፈቃድ» በሚለው ሥር መፈረም እንደምችል በቀስታ ነገረችኝ። ፈረምኩ። መንጃ ፈቃዴ እጄ ላይ የቆየው ስድስት ደቂቃ ያህል ነው። ከወጣሁ በኋላ መኪናዋ አጠገብ ስደርስ ነው ከእንግዲህ ልነዳት እንደማልችል የገባኝ። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያ ሄድኩ። እስከ ዛሬ እዚያው በእርስዎ መስኮት ሥር ቆማለች፤ ምልክቱ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ማቆም ክልክል ነው ይላል። መኪናዋ ገና በወንድሜ ስም ስለተመዘገበች ቅጣቱ ለማን ሊጻፍ እንደሚችል አውቃለሁ። እባክዎ ክቡርነትዎ፣ ይህችን አንዲቷን እንኳ በእኔ ስም ይላኩልኝ።